ከማሽኑ በፊት ነርሷ

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ንጋት ላይ በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ታጣቂዎች በነዋሪዎች ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ቤቶችን አቃጠሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ይፋ አደረገ። አገር የሟቾቹን ቁጥር ይዞ ተነጋገረ፣ ተከራከረ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ዜና አለፈ። ብዙም ያልተወራላቸው ግን ከሞት የተረፉት ነበሩ። ቁስለኞቹ ወደ ቡለን ሆስፒታል ተወሰዱ።

ደረቱን በጥይት የተመታ ሰው ምን ያስፈልገዋል? ኦክስጅን ያስፈልገዋል። የፈሰሰውን የሚተካ ደም ያስፈልገዋል። በሳንባው ዙሪያ የተጠራቀመውን አየርና ደም የሚያወጣ ቱቦ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ አንድ ሰው ከአጠገቡ ካልጠፋ ነው የሚተርፈው፤ ትንፋሹን የሚቆጥር፣ ከንፈሩ መጥቆር ሲጀምር የሚያይ፣ የደም ግፊቱ ሲወርድ ሐኪም የሚጠራ ሰው። ያ ሰው በአብዛኛው ነርስ ነው።

በዛሬው ሕክምና የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ ማሽን አለ። ኤክሞ ይሉታል። በትልልቅ የዓለም ሆስፒታሎች እሱን ብቻ ለመጠበቅ የሠለጠኑ የጽኑ ሕሙማን ነርሶች አሉ። ከቡለን ሆኖ ለሚያየው ይህ የሌላ ዓለም ወሬ ይመስላል። ታሪኩን ከሥሩ ለሚከተል ግን አይደለም፤ ማሽኑ ምንጊዜም የመጣው ከሰው ዓይንና ከሰው እጅ በኋላ ነውና። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠን ስለምንይዝ ነው።

በእጅ የተነፈሰች ከተማ

እ.ኤ.አ. በ1952 ክረምት ላይ የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ያሽመደምዳል። በብሌግዳም ሆስፒታል የነበረው ትልቅ የመተንፈሻ ማሽን አንድ ብቻ ነበር፤ ከእሱ ሌላ ጥቂት አነስተኛ መሣሪያዎች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ካቃታቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

ያን ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ቀላል ነገር አሰበ። የሕመምተኛዋ ጉሮሮ ተበስቶ ቱቦ እንዲገባ አደረገ፤ ከቱቦው ጫፍ የጎማ ከረጢት አያይዞ በእጅ እየተጨመቀ አየር እንዲገባላት አደረገ። የ12 ዓመቷ ልጅ ተረፈች። ነገር ግን ከረጢቱን ቀንና ሌሊት ማን ይጨምቀዋል? 1,500 ያህል ተማሪዎች ተጠሩ። በፈረቃ እየተተካኩ በየአልጋው ራስጌ ተቀመጡና ለሳምንታት የሌላውን ሰው ትንፋሽ በእጃቸው ተነፈሱ። ነርሶቹ ደግሞ ሕሙማኑን ያገላብጡ፣ አክታ ይመጡ፣ የልብ ምታቸውን ይከታተሉ ነበር። የሟቾቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ።

በቀጣዩ ዓመት ኢብሰን በጠና የታመሙ ሰዎች በአንድ ክፍል ተሰባስበው ሌት ተቀን የሚጠበቁበትን ሥርዓት ጀመረ። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ከዚህ ተወለደ። በኛ ሆስፒታሎች አምቡ ባግ የሚባለው በእጅ የሚጨመቅ ከረጢትም የዚያችው የዴንማርክ ፈጠራ ነው፤ በ1956 ወጣ። እንግዲህ የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሲጀመር ትልቁ ሀብት ማሽን አልነበረም። ተራውን ጠብቆ የሚመጣና አልጋውን ትቶ የማይሄድ ሰው ነበር።

የአንድ ሌሊት ጥበቃ

የልብና ሳንባ ማሽንም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። በ1930ዎቹ መግቢያ በአሜሪካ ቦስተን ጆን ጊበን የተባለ ወጣት ሐኪም ሳንባዋ በደም መርጋት የተዘጋ ሴት እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሌሊቱን ሙሉ በየ15 ደቂቃው የልብ ምቷንና የደም ግፊቷን እየለካ አደረ። ሴትዮዋ አልተረፈችም። ጊበን ግን ደሟን አውጥቶ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስላት ነገር ቢኖር ኖሮ የሚለው ሐሳብ ከአእምሮው አልወጣ አለ። ከሚስቱ ከሜሪ ጋር ሃያ ዓመት ለፋበት። ግንቦት 6 ቀን 1953 ፊላዴልፊያ ውስጥ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ በማሽኑ እየታገዘ ተከፍቶ ተጠገነ። ያን ሌሊት ጊበን ሲሠራ ያደረው ሥራ ማንም ተረኛ ነርስ የምታውቀው ሥራ ነው።

የጊበን ማሽን የሚያገለግለው ለቀዶ ሕክምናው ሰዓታት ብቻ ነበር። ለቀናት መሥራት የሚችለው ኤክሞ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮበርት ባርትሌት የተባለ ሐኪም መተንፈስ ያቃታትን አዲስ የተወለደች ሕፃን በዚህ መሣሪያ ላይ አዋላት። እናቷ ትታት ሄዳ ነበር። ስም ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው፤ ኤስፔራንዛ አሏት፣ በስፓኒሽ ተስፋ ማለት ነው። ሕፃኗ ዳነች።

የኤክሞ ነርስ የዕለት ሥራ ከሩቅ ሲሰማ የረቀቀ ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚያየው ግን ትዕግሥት ነው። ከታማሚው የሚወጣው ደም ጠቆር ይላል፤ በሰው ሠራሽ ሳንባው አልፎ የሚመለሰው ደማቅ ቀይ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ዓይነት መልክ ከያዙ አደጋ አለ። ነርሷ በባትሪ እያበራች በመሣሪያው ውስጥ የረጋ ደም ትፈልጋለች። ደም ማቅጠኛው ከበዛ ታማሚው ይደማል፤ ካነሰ ማሽኑ ይደፈናል። መብራት ጠፍቶ መጠባበቂያውም እምቢ ካለ፣ ብዙዎቹ ማሽኖች በእጅ የሚዞር እጀታ አላቸው፤ ነርሷ እያዞረች ደሙን ታስኬዳለች። በመጨረሻው ሰዓት ነገሩ ተመልሶ እዚያው የኮፐንሃገን እጅ ላይ ይወድቃል።

የኛ መንገድ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ነርስነት ቀደምት ከሆኑት አንዷ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነበሩ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቁ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ሙያ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሲቀር ባለሙያውን ራሱን እንኳ አያድንም። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል ነርሶችን ሲያሠለጥን ቆየ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በደምቢያ የደረሰውን የወባ እልቂት ተከትሎ የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በቡድን ሠልጥነው ወደ ገጠር እንዲወጡ የተዘጋጀ ትምህርት ቤት ነበር። ያ ሐሳብ ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ከሕንፃ በፊት የሰው ቡድን የሚል።

የልብ ቀዶ ሕክምና ግን ለረጅም ዘመን የውጭ ጉዞ ሆኖ ኖረ። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር መሠረቱ። ሕፃናት በዚህ መንገድ ወደ ውጭ እየተላኩ ይታከሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። የውጭ የሐኪም ቡድኖች እየመጡ ለአጭር ጊዜ ይሠሩ ነበር፤ ውለው አድረው ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም ራሳቸውን ችለው መክፈት ጀመሩ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል የልብና ሳንባ ማሽን አለው። ወረፋ የሚጠብቁት ሕፃናት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ወረፋው የማያጥረው በቀዶ ሐኪም እጥረት ብቻ አይደለም። ልቡ የተከፈተ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች የሚያሳልፈው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ሐኪሙ በቀን ሁለትና ሦስት ልብ መጠገን ይችል ይሆናል፤ ማታ የሚጠብቃቸው የሠለጠነ ነርስ ከሌለ ግን ቢላዋውን ማንሳት አይችልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲን ሲጀምር፣ ለነርሶችም የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ የማስተርስ ትምህርት የተከፈተው ለዚህ ነው።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለወረርሽኙ ተለቀቀ፤ ሚሌኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። አገር ሁሉ ስለ ቬንቲሌተር ያወራ ጀመር። ስንት አለን? ስንት ይመጣል? ማን ይለግሰናል? “ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር” እንዲሉ፣ ቬንቲሌተሩ ሲመጣ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ኦክስጅኑ ሲገኝ መብራት ይፈልጋል፤ ሁሉም ሲሟላ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲጮህ ለምን እንደጮኸ የሚያውቅ ነርስ ይፈልጋል። ማሽን በአውሮፕላን በአንድ ቀን ይደርሳል። የጽኑ ሕሙማን ነርስ ግን በዓመታት ትምህርትና በብዙ አዳር ትሠራለች።

ከቡለን ሲታይ

አሁን ወደ ቡለን እንመለስ። ቡለን በአስተዳደር የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው፤ ከክልሉ ዋና ከተማ ከአሶሳ ጋር ግን ዓባይ ለያይቶታል። በዞኑ ያለው የፓዊ ሆስፒታል የጣና በለስ ፕሮጀክት ትሩፋት ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ሰፋሪዎች ወደ በለስ ሸለቆ ሲመጡ፣ ፕሮጀክቱ በጣልያን መንግሥት ገንዘብ በሳሊኒ ኩባንያ ተሠራ። ያው ኩባንያ ቆይቶ በዚያው በመተከል ዞን፣ ጉባ ላይ የሕዳሴውን ግድብ ገነባ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። አየርን አጣርቶ ኦክስጅን የሚሰጠው ትንሹ መሣሪያ የሚሠራው በመብራት ነው። መተከል ለአገርና ለጎረቤት የሚተርፍ ኃይል የሚመነጭበት ዞን ነው። ስለዚህ በዞኑ ባለ የሆስፒታል አልጋ ላይ የሚተኛ ሕመምተኛ ኦክስጅን በመብራት ምክንያት ሊቋረጥበት አይገባም ማለት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትር ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል፤ አቅጣጫው ትክክል ነው። ጣት ላይ የሚሰካው ያ ትንሽ መሣሪያ ከኤክሞ ጋር አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፤ ደሙ ኦክስጅን አለው ወይ?

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ግን ከዚያም በፊት ነው። በጥቁር አንበሳ ግቢ ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች ብዙዎቹን ለዚያ ያበቃቸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሲነሣ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ እንደ ቶንሲል ተንቆ የሚታለፍ። ሳይታከም ሲደጋገም የልብን ቫልቭ ያበላሻል። በጊዜ ከተገኘ ፔኒሲሊን ይበቃዋል። ሕመሙ አንዴ ከጀመረም በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ እንዳይብስ ይገታዋል። በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ የቀጠሮ መዝገቧን ገልጣ የቀረውን ልጅ ካስጠራች፣ ያ ልጅ የልብና ሳንባ ማሽን ላይ የመተኛት ዕድሉ ይቀንሳል። የማሽኑ የመጀመሪያዋ ነርስ እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይቺ ነርስ ሥራዋን እንድትሠራ ሁለት ነገር ያስፈልጋታል። አንደኛው ሰላም ነው። በመተከሉ ግጭት ከ100,000 በላይ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ ብዙዎቹ እስከ ቻግኒ ሸሽተው መጠለያ ገብተዋል። ቤቱን ጥሎ ከሸሸ ቤተሰብ ጋር የልጁ የመርፌ ቀጠሮም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ኑሮ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ ከተሞች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ሕመምተኛ ጥሎ መውጣት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ብዙ ተባለ። አንድ ነገር ግን ሊካድ አይችልም፤ የአዳር ተረኛ ነርስ የቤት ኪራይ ካስጨነቃት፣ ልምዷን ይዛ ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ሌላ አገር ትሄዳለች። እሷ ስትሄድ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ አብረዋት አድረው ሊማሩ የነበሩት ጀማሪዎችም ትምህርት ቤታቸውን ያጣሉ።

አንድ ቀን በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የኤክሞ ነርስነት የተለመደ ሙያ ይሆን ይሆናል። መመኘቱ ጥሩ ነው። ያ ቀን የሚመጣው ግን ማሽኑ ሲገዛ ሪባን በመቁረጥ አይደለም። በእያንዳንዱ የሆስፒታል ምረቃ ላይ “ስንት አልጋ? ስንት ማሽን?” ተብሎ ሲጠየቅ “ማታስ ማን ያድራል?” የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት ሲጀምር ነው።

የበኩጂ ቁስለኞች ቡለን ሲደርሱ የሚቀበላቸውን ሰው ያገኙት ከዚያ በፊት አንድ ሰው ተምሮ፣ ተመድቦ፣ ልሂድ ልቅር ብሎ ሳይሄድ ስለቀረ ነው። የሕይወት ማቆያው የመጀመሪያ ክፍል ይህ ነው። የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ ይገጠማል።