ሰሌዳ የሌለው ፒክአፕ የማን ነው? የፖሊስ መኪናን ስለመለየትና አሮጌውን ስለመግዛት

ከገለጉ ወደ ገንዳ ውኃ እየሄዳችሁ ነው እንበል። ከኋላ ነጭ ፒክአፕ ደረሰባችሁ። ሰሌዳ የለውም፣ ውስጥ ያሉት ሲቪል ለብሰዋል፣ «አቁም!» አሉ። ፖሊስ ናቸው ወይስ አጋች? በጎንደር መተማ መስመር እገታ ስንቱን ቤት እንዳስለቀሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ሰሊጥ ተሸጦ ብር እጅ ሲገባ ፒክአፕ የሚያምረው ብዙ ነው። «የፖሊስ የነበረ ነው፣ በርካሽ ነው» የሚል ደላላም አይጠፋም።

የሁለቱም መልስ አንድ ነው፦ መኪና በመልኩ አይታወቅም። የሚታወቀው በወረቀቱና በያዘው ሰው ማንነት ነው።

ሰሌዳው ምን ይላል?

የለመድናቸው ሰሌዳዎች በጽሑፋቸው ቀለም ይለያሉ፦
1. ኮድ 1 ቀይ፦ ታክሲ
2. ኮድ 2 ሰማያዊ፦ የግል
3. ኮድ 3 አረንጓዴ፦ የንግድ
4. ኮድ 4 ጥቁር፦ የመንግሥት
5. ኮድ 5 ብርቱካናማ፦ የእርዳታና መሰል ድርጅቶች

የፖሊስ መኪና ደግሞ «ፖሊስ» የሚል ሰሌዳ አለው። «ተላላፊ» የሚለው ቋሚ ሰሌዳ ላላገኘ መኪና የሚሰጥ ጊዜያዊ ሰሌዳ ነው።

ችግሩ ፖሊስ ለምርመራ ሥራ ምልክት የሌለው መኪናና ሲቪል የለበሰ አባል ያሰማራል። ረጅም የሬዲዮ አንቴና፣ የታጠቀ ሰው፣ ጠቆር ያለ መስታወት ፍንጭ ይሆናሉ፣ ማስረጃ ግን አይሆኑም። እነዚህን አጋችም ሊያሟላቸው ይችላል።

እንዲህ ዓይነት መኪና ካስቆማችሁ

ከታጠቀ ሰው ጋር ግብግብ አትግጠሙ። እጃችሁ ይታይ፣ ስልክ አውጥታችሁ ለመቅረጽ አትሞክሩ። ከዚያ በትህትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መታወቂያ፣ ከየትኛው ጣቢያ እንደመጡና ወዴት እንደሚወስዷችሁ። የሚቻል ከሆነ ሰው ወዳለበት ቦታ ወይም ወደ ቅርብ ኬላ ሄዳችሁ እንድትነጋገሩ ለምኑ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። 48ቱ ሰዓት ግን እስከ ፍርድ ቤት የሚወስደውን አግባብ ያለው የጉዞ ጊዜ አይጨምርም፤ እንደኛ ራቅ ያለ ቦታ ላለ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የወረዳችሁን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ መዝግቡ። ለቤተሰብም የምትሄዱበትን መኪና ሰሌዳና የመነሻ ሰዓት ንገሩ። ሰው ከተወሰደባችሁ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣቢያው ነው፦ «እናንተ ጋ ነው?» ብሎ ለማረጋገጥ።

የፖሊስ የነበረ መኪና እንዴት ይሸጣል?

የመንግሥት ንብረት በደላላ ጓዳ ለጓዳ አይሸጥም። የሚሸጠው በጨረታ ነው። ማስታወቂያው እንደ «አዲስ ዘመን»ና «በኩር» ባሉ ጋዜጦች ይወጣል። ቦታው ድረስ ሄዳችሁ መኪናውን ታያላችሁ፣ በሲፒኦ ማስያዣ ታስይዛላችሁ፣ ዋጋ ትሰጣላችሁ። አሸንፎ በተባለው ቀን ያልከፈለ ማስያዣው ሊወረስበት ይችላል። መኪናው የሚሸጠው «ባለበት ሁኔታ» ስለሆነ በኋላ «ሞተሩ አይሠራም» ብሎ መመለስ የለም።

ማስታወቂያው ላይ አንድ ነገር ሳታዩ አትለፉ፦ «ቀረጥ የተከፈለበት» ነው ወይስ «ያልተከፈለበት»? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይጠየቃል። ርካሽ የመሰለው ዋጋ እዚህ ላይ ይገለበጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት

የፖሊስ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ለሰዓታት ቆሞ የሚውልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢያሳይም ሞተሩ የደከመ ሊሆን ይችላል። የምታምኑትን መካኒክ ይዛችሁ እነዚህን አሳዩት፦ ጣሪያው ላይ የመብራቱ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል? ሬዲዮና ሳይረን ሲነቀል ገመዱ እንዴት ተቆረጠ? ከኋላ መቀመጫ የተበየደበት ቦታ ዝጓል? ባሌስትራው፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው እንዴት ናቸው?

ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለበት። ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ። እዳና እገዳ እንደሌለበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ውሉ ይረጋገጥ፣ ስሙ ይዛወር፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ይኑረው። «ውክልና ብቻ ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙት፤ ስሙ እስካልዞረ ድረስ መኪናው በሊብሬው ላይ የሌላ ሰው ነው።

ገዝታችሁ ስታበቁ የፖሊስ ቀለሙንና ጽሑፉን አስጠፉ። ቀለም ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍ ለውጡን አስመዝግቡ። አሁን ባለንበት ሁኔታ የፖሊስ የሚመስል መኪና መንዳት ለዚህም ለዚያም ወገን ዒላማ መሆን ነው።

ከማዶ የመጣውስ?

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ወዲህ በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ሰው ተሰዷል፣ መኪና ይዞ የመጣም አለ። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ዋጋው ሰማይ ሲነካ የዐረብኛ ሰሌዳ ያለው ርካሽ ሃይሉክስ ያጓጓል።

ዲክላራሲዮን የሌለው መኪና ግን ኮንትሮባንድ ነው። ጉምሩክ ሲይዘው መኪናውም ብሩም ይቀራል። ሱዳኖች ራሳቸው ከሊቢያና ከቻድ በድብቅ የሚገባባቸውን መኪና «ቦኮ ሐራም» ብለው ነው የሚጠሩት። ስሙ ብቻ ይበቃል። መኪናው ከካርቱም ተሰርቆ ይሁን ከባለቤቱ ተቀምቶ በምን ታውቃላችሁ?

በአጭሩ፦ መንገድ ላይ ያስቆማችሁን ሰው መታወቂያ ጠይቁ፣ የሚሸጥላችሁን ደግሞ ሊብሬና ዲክላራሲዮን። የአንድ ዓመት የሰሊጥ ድካም በአንድ የውሸት ወረቀት መቅለጥ የለበትም።

መኪና ሊገዛ ላሰበ ወይም መንገድ ለሚወጣ ጓደኛችሁ አጋሩት።