የሾንኬ እንዝርት

ስሟን የሰማ ሁሉ እንደሚገምተው፣ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይውላል። ከቆላው አፋሩ፣ ከዙሪያው ኦሮሞው፣ ከደጋው አማራው፣ ከአምባው አርጎባው ይገናኙበታል። አርጎባ በንግድና በሽመና የታወቀ ሕዝብ ነው፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር የሚመጣውን ቅፍለት ከሸዋ ጋር ያገናኝ የነበረው እርሱ ነው። ነጋዴ ነውና በገዢው ቋንቋ ይሸጣል፤ የራሱን ለገበያ አያወጣውም።

አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው 62,831 ሰው ሲሆን፣ አፍ መፍቻዬ አርጎብኛ ነው ያለው ግን 10,860 ብቻ ነበር፤ ከስድስት ሰው አንድ ማለት ነው። የሐረርጌዎቹ ወደ ኦሮምኛ፣ ከሸዋዎቹ ብዙዎቹ ወደ አማርኛ ሄደዋል። ቋንቋው ጠንቶ የተገኘው ከከሚሴ ብዙም በማይርቁት በሾንኬና በጦለሃ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1997 የአርጎብኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ አንድሪያስ ቬተር በ2010 የእነዚህን ሁለት መንደሮች ንግግር ሰዋስው አሳተሙ። በመካከሉ በ2006 አንትሮፖሎጂስቱ አበበ ክፍለየሱስ የሕዝቡን ወግና ለውጥ ጻፉ።

የአምባው ርቀት ቋንቋውን እንደጠበቀው አይካድም። እኔ ግን እንዝርቱንም እጨምራለሁ። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ጥጡን የምትዳምጠው፣ ባዘቶውን አባዝታ የምትፈትለው ሴቲቱ ናት። ሥራው እጅ እንጂ አፍ አይዝም፤ አያት፣ እናትና ልጅ እየፈተሉ ያወጋሉ።

በጓቲማላ የማያ ሴቶች ሸማኔዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሽመናውን እቃ ከወገባቸው ታጥቀው ሁይፒል የሚባለውን ልብስ ይሠራሉ፤ ልብሱም የባለቤቷን ከተማ ይናገራል። ካሮል ሄንድሪክሰን የተባለች አንትሮፖሎጂስት ይህንኑ ቴክፓን በተባለች ከተማ አጥንታ በ1995 መጽሐፍ አውጥታለች። ማያዎች ለቋንቋዎቻቸው በ1990 በሕግ የታወቀ አካዳሚ ሲያገኙ፣ ልብሱ አስቀድሞ በአደባባይ ይመሰክርላቸው ነበር። የአርጎባ ሸማ ግን ሰንበቴ ላይ ተሸጦ የገዢው ልብስ ይሆናል፤ ስለ ሠሪው ቋንቋ የሚናገረው የለም። ስለዚህ አጥኚው ከገበያው ይልቅ ከፈታዮቹ ዘንድ መቀመጥ አለበት።

ጊዜውም አጭር ነው። በአገራችን ሸማኔ ቤት ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ሆኗል፤ የእጅ ፈትል የቀረው ለማጉ ነው። ማጉም ከሱቅ የተገዛ ዕለት እንዝርት የምታነሣ ልጅ አትኖርም። ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ቢገኝ እንኳ፣ ክሩ ሲወፍር «አቅጥኚው» እያለች በአርጎብኛ የምታርም አያት አትገኝም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፤ ከሾንኬ ሩቅ አይባልም። መቅረጸ ድምፅ የያዘች ተማሪ (ከጓሮ ለመቀመጥ ሴት ብትሆን ይሻላል) ከፍሬው እስከ ልቃቂቱ ያለውን ሥራ አያቶቹ በቋንቋቸው እንዲተርኩላት ትጠይቅ።