አድራሻው አለን፤ ፈቃዱስ?

በሜይ 1978 እ.ኤ.አ. ጋሪ ቱርክ የተባለ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ኃላፊ ድርጅቱ ያወጣቸውን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ለማስተዋወቅ ተነሳ። በካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስና ሳን ማቴዮ ላይ የማሳያ ዝግጅት ተሰናድቷል። እንግዶቹን አንድ በአንድ መጥራት ግን አድካሚ ነው። በእጁ ደግሞ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች ስምና አድራሻ የታተመበት ማውጫ ነበር። አርፓኔት በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ገንዘብ የተዘረጋ፣ የዛሬው ኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነ መረብ ነው። ከማውጫው በምዕራብ አሜሪካ ያሉ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ተመረጡና አድራሻቸው በእጅ ተተየበ። ከብዛቱ የተነሳ ለተቀባዮች የተመደበው ቦታ ሞልቶ የቀረው አድራሻ ወደ መልእክቱ ውስጥ ገባ። ደብዳቤውን የከፈተ ሰው ስለ ኮምፒውተሩ ከማንበቡ በፊት የማያውቃቸውን ሰዎች ዝርዝር ማለፍ ነበረበት።

ቁጣው ወዲያው መጣ። መረቡን የሚያስተዳድረው ወታደራዊ ተቋም ድርጊቱ ደንብ የጣሰ ነው ሲል አስታወቀ። ቱርክ በበኩሉ ያ መልእክት በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሽያጭ እንዳስገኘለት ሲናገር ኖሯል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ሌላ ነው። ማውጫው የታተመው የመረቡ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዲገናኙ ነበር። ስሙን እዚያ ያስመዘገበ ተመራማሪ፣ ነጋዴ ይጻፍልኝ አላለም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ጠብ ሁሉ መነሻው ይኸው ነው፤ አድራሻ ያገኘ ሻጭ ፈቃድም ያገኘ ይመስለዋል።

በኤፕሪል 1994 የአሪዞና ጠበቆች የሆኑት ባልና ሚስት፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል፣ ዩዝኔት በተባለው የውይይት መረብ ከ5,000 በላይ በሆኑ መወያያዎች ላይ የግሪን ካርድ ሎተሪ ማስታወቂያ በተኑ። እኛ ዲቪ የምንለው ነው። ሰው በራሱ ሞልቶ በፖስታ ሊልከው ለሚችለው ማመልከቻ ክፍያ ይጠይቁ ነበር። የጎረፈው ቅሬታ የኢንተርኔት አቅራቢያቸውን ኮምፒውተር ሥራ አስፈታው፤ አገልግሎታቸውም ተቋረጠ።

የፖስታ ማስታወቂያ ቢያንስ የቴምብሩን ዋጋ ላኪው ይከፍላል። ኢሜይል ላይ ግን ሸክሙ ወደ ተቀባዩ ዞረ፦ በስልክ መስመር በደቂቃ እየከፈለ የሚያወርደው እሱ፣ እየለቀመ የሚያጠፋውም እሱ ነበር። በ1997 ኮምፑሰርቭ የተባለው ድርጅት የጅምላ መልእክት ላኪውን ሳይበር ፕሮሞሽንስን ኦሃዮ ላይ ከስሶ ሲረታ፣ ፍርድ ቤቱ የተመለከተው ጉዳዩን የሰው ንብረት ያለ ፈቃድ እንደ መጠቀም አድርጎ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ጎዲን የተባለው ጸሐፊ ስለ ፈቃድ የጻፈው መጽሐፍ የነጋዴዎቹን ወገን አስተሳሰብ ለወጠ፤ የሚጠብቅህን ሰው ብታነጋግር ይሻላል ነበር ነገሩ። ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የመጠበቅ ወግ ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ አንቸገርም።

ሕግ ሲመጣ ግን ሁለት ቦታ ተከፈለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ ለነባር ደንበኛ ከተተወ ውስን ልዩነት በቀር፣ ፈቃዱ አስቀድሞ ይገኝ አለ። አሜሪካ በ2003 ያጸደቀችው ካን ስፓም የተባለው ሕግ ደግሞ ላኩ፣ ተቀባዩ በቃኝ ካለ ግን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ አቁሙ ይላል። ካሊፎርኒያ ቅድሚያ ፈቃድ የሚያስገድድ የራሷን ሕግ አውጥታ ነበር፤ የፌዴራሉ ሕግ ስለቀደማት ግን ሕጓ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ይህን እንደ ትልቅ ኪሳራ እቆጥረዋለሁ፤ ዝምታን እንደ እሺታ የሚወስድ ሕግ ድካሙን ሁሉ ምንም ባልጠየቀው ሰው ላይ ይጥላልና። ካናዳ በ2014 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ተቀባዩ መፍቀዱን የማስረዳቱን ግዴታ ላኪው ላይ ጣለች። በሜይ 2018 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብም አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን ፈቃድ አይሆንም አለ፤ ፈቃድን መልሶ መውሰድም የመስጠቱን ያህል ቀላል እንዲሆን አዘዘ።

ፍላይቢ የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ በ2016 ያደረገው ነገር ጉዳዩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ድርጅቱ መረጃችሁ ትክክል ነው ወይ የሚል ኢሜይል ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ላከ። ተቀባዮቹ ግን አስቀድመው ማስታወቂያ አንፈልግም ያሉ ሰዎች ነበሩ። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር 70,000 ፓውንድ ቀጣው። አልፈልግም ያለን ሰው «እውነት አልፈለግህም?» ብሎ መጻፍ ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ጠንቃቃ ላኪዎች የሚሠሩበት መንገድ አለ። ሰውየው ቅጹን ሲሞላ ወዲያው ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ መጀመሪያ ማረጋገጫ ይላክለታል፤ እሱን ሲጫን ብቻ ይመዘገባል። ያኔ ሌላ ሰው አድራሻውን በተንኮል ወይም በስህተት ቢያስገባ እንኳ ከማረጋገጫው በቀር ምንም አይደርሰውም። የፈቀደበት ቀንና ሰዓት እንዲሁም ያነበበው ቃል ይቀመጣል። ከ2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁም በቀን ብዙ ሺህ መልእክት የሚልኩ ነጋዴዎች በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ የሚያስወጣ መንገድ እንዲያኖሩ ያስገድዳሉ።

በእኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ የንግድ ኢሜይል ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ተከትሎታል፤ የሁለቱም አዋጆች ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። የሚቀረው የሥራ ልማዱ ነው። በዓል ሲቃረብ ባዛር ላይ የዕጣ ኩፖን ሞልቶ ስልኩንና ኢሜይሉን የጻፈ ሰው የፈቀደው ዕጣው ሲወጣለት እንዲነገረው ብቻ ነው። አዘጋጁ ማስታወቂያም ሊልክለት ካሰበ ማን፣ ምን፣ በስንት ጊዜው እንደሚልክ የሚገልጽ ሌላ ሣጥን ኩፖኑ ላይ ይጨምር፤ ሣጥኑንም ባዶ አድርጎ ያሳትመው።