በፈቃድ መሥራትና የራስ ዕውቀት፦ የስፔኑ «ካሳ» የአውሮፕላን ኩባንያ ታሪክ



ዛሬ የማቀርብላችሁ «ካሳ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የስፔን አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ታሪክ ነው። ቃሉ በእኛ ጆሮ ሌላ ትርጉም ቢያሰማም፣ የመነጨው «ኮንስትሩክሲዮኔስ ኤሮናውቲካስ» ከሚለው የኩባንያው ሙሉ ስም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሌላውን ንድፍ በፈቃድ መሥራት የራስን ዕውቀት ያፈራልን?

ኩባንያውን በ1923 ያቋቋመው የጦር መሐንዲስና አብራሪ የነበረው ሆሴ ኦርቲዝ ኤቻግዌ ነው፤ በፎቶግራፍ ጥበቡም ስመ ጥር ነበር። ወቅቱ ስፔን በሞሮኮ የሪፍን ጦርነት የምትዋጋበት ነበር። በ1921 በአንዋል የደረሰባት ከባድ ሽንፈት የአውሮፕላንን አስፈላጊነት አጉልቶ አሳይቷታል። ስለዚህም ከመነሻው ዋናው ገዢ መንግሥት ነበር።

ከማድሪድ አጠገብ በሄታፌ የተተከለው ፋብሪካ ሥራውን የጀመረው በፈረንሳዩ ብሬጌ 19 ነው። በካዲዝም ዶርኒየር ዋል የተባለው የጀርመን የባሕር አውሮፕላን በፈቃድ ተሠራ። በ1929 ሂሜኔዝና ኢግሌሲያስ የተባሉ አብራሪዎች ኩባንያው በሠራው ብሬጌ 19 ከሴቪያ ተነሥተው፣ አትላንቲክን ተሻግረው፣ ብራዚል ባሂያ ደረሱ። በረራው የስፔን ኩራት ሆነ፤ ንድፉ ግን የፈረንሳይ ነበር።

የዚህ ጥገኝነት ዋጋ ጎልቶ የታየው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። በ1943 መንግሥት በብሔራዊ የኢንዱስትሪ ተቋሙ አማካይነት የኩባንያውን አንድ ሦስተኛ ያህል ድርሻ ያዘ። በዚያው ዘመን ሄንክል 111 የተባለውን የጀርመን ቦምብ ጣይ በፈቃድ ለመሥራት ተነሡ። ጀርመን ስትሸነፍ ግን የሞተር አቅርቦቱ ተቋረጠ። የአውሮፕላኑን አካል መሥራት የቻሉት ሠራተኞች ሞተር ማግኘት ተሳናቸው። ችግሩ የተቃለለው በ1950ዎቹ የእንግሊዙ የሮልስ ሮይስ ሞተር ሲገባ ነው። አውሮፕላኑ የጀርመን፣ ሞተሩ የእንግሊዝ፣ እጁ የስፔን ሆነ።

ይሁንና ያ እጅ በከንቱ አልደከመም። ኩባንያው በ1949 «አልኮታን»፣ በ1955 ደግሞ «አዞር» የተባሉትን የራሱን አውሮፕላኖች አበረረ፤ ሰፊ ገበያ ግን አላገኙም። ነገሩ የተለወጠው በ1971 በበረረው «አቪዮካር» ነው። ይህ አውሮፕላን ካልተነጠፈና ከአጭር ሜዳ መነሣት ስለሚችል ብዙ አገሮች ገዙት። ከ1976 ጀምሮም በኢንዶኔዥያ ባንዱንግ ከተማ በፈቃድ ይሠራ ጀመር። ፈቃድ ጠያቂ የነበረው ፈቃድ ሰጪ ሆነ።

ስለዚህ ለጥያቄዬ የምሰጠው መልስ «አዎን፣ ግን» የሚል ነው። ፈቃድ ሠራተኛን ያሠለጥናል፤ ሥልጠናው ወደ ንድፍ የሚሸጋገረው ግን የራስን ሥራ ለመሞከር የሚደፍር ተቋም ሲኖር ነው። በስፔን ይህ ሽግግር ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ወስዷል። የቴክኖሎጂ ሽግግርን የምታጠኑ ተማሪዎች ስንት አውሮፕላን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን ንድፉ በማን እጅ እንደነበረና ሞተሩ ከየት እንደመጣም እንድትጠይቁ አሳስባለሁ።