ድመትና ውሻ ስለ ፖለቲካ ምን ይመሰክራሉ?



ሰው የባልንጀራውን ልብ በአቋራጭ ለማወቅ መመኘቱ የቈየ ጠባዩ ነው። አንዱ በአለባበሱ፣ አንዱ በአነጋገሩ፣ ሌላውም በሚውልበት ማኅበር ይለየዋል። በምዕራባውያን አገሮች ደግሞ ሌላ መለኪያ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሲያነጋግር ይታያል። ይኸውም ውሻ የሚወድ ሰው መታዘዝንና ሥርዓትን ስለሚወድ በፖለቲካ ወግ አጥባቂ ነው፤ ድመት የሚወድ ግን በራሱ ፈቃድ መኖርን ስለሚመርጥ ለውጥ ፈላጊ ነው የሚል አሳብ ነው። ነገሩ ለጨዋታ የተፈጠረ ይመስላል። ይሁን እንጂ በጨዋታ የተጀመረ መለኪያ ሰውን ለማመን ወይም ለመናቅ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ታሪክ በዚሁ ጉዳይ የሚሰጠውን ምስክርነት አብረን እንመርምር። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ይህን አሳብ የሚደግፈውን ማስረጃ ሳንሸሽግ ማቅረብ ይገባናል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ድመት በማሳደር አንደኛ የሆነው የቬርሞንት ግዛት ሲሆን፣ ከመቶ ቤተ ሰብ 49.5 የሚሆነው ድመት ነበረው። ውሻ በማሳደር አንደኛ የሆነው ደግሞ አርካንሳስ ሲሆን፣ ቍጥሩ ከመቶ 47.9 ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ቬርሞንት ለዴሞክራቱ ለባራክ ኦባማ፣ አርካንሳስም ለሪፐብሊካኑ ለሚት ሮምኒ ድምፅ ሰጡ። ይህን ያየ ሰው፣ ድመት ወደ ግራ ውሻም ወደ ቀኝ ይስባል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ነገር ግን የታሪክን መዝገብ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ ብንገልጥ ይህ ማስረጃ ይናዳል። ቬርሞንት ከ1856 ጀምሮ እስከ 1960 ድረስ በተደረጉት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጥ የመረጠው የሪፐብሊካንን ፓርቲ ነበር። አርካንሳስ በበኩሉ ከ1876 እስከ 1964 ድረስ ሳያወላውል ለዴሞክራቶች ድምፅ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ግዛቶች ዝንባሌ እየተገላበጠ ሄደ። በደቡብ በኩል ለዚህ ዋና ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ፣ በ1964 የጸደቀው የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረው ሕግ ብዙዎቹን ነጮች ከቀድሞ ፓርቲያቸው ማራቁ እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የቬርሞንት ገበሬ ፓርቲውን በለወጠ ጊዜ ውሻውን አባርሮ ድመት አመጣ ይባላልን? የአርካንሳስስ አዳኝ ድመቱን ጥሎ ውሻ ገዛን? ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን ጐን ለጐን ስለ ተገኙ፣ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት አይቻልም። ስለ አንድ ግዛት ሕዝብ የተነገረ ቍጥርም ስለ እያንዳንዱ ሰው ልብ አይናገርም። ሰፊ ግቢ ያለውና አደን የሚወድ ሰው ውሻ ይፈልጋል፤ ጎተራውን አይጥ የሚያስቸግረው ወይም በጠባብ ቤት የሚኖር ደግሞ ድመት ያሳድራል። ምርጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ኑሮ ነው።

የፓርቲ መሪዎችም ቢሆኑ እንስሳቱን በፓርቲ አልተከፋፈሏቸውም። ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1944 ሴፕቴምበር 23 ቀን በዋሺንግተን ለአንድ የሠራተኞች ማኅበር ንግግር ሲያደርጉ፣ ፋላ የተባለውን ውሻቸውን በሩቅ ደሴት ረስተው እርሱን ለማምጣት የጦር መርከብ ልከዋል ተብሎ የተወራባቸውን ሐሜት በቀልድ አፈረሱት። ልክ 8 ዓመት ቈይቶ፣ በ1952 በዚያው ወር በዚያው ቀን፣ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ኒክሰን፣ ደጋፊዎቻቸው ስላዋጡላቸው 18,000 ዶላር ያህል ገንዘብ ስለ ተወቀሱ በቴሌቪዥን ቀርበው የግል ሒሳባቸውን ዘረዘሩ። በስጦታ የተቀበሉት ቼከርስ የተባለ ውሻ እንዳለ ገልጸው፣ ልጆቻቸው ስለሚወዱት ማንም ቢናገር እንደማይመልሱት አስታወቁ። ሕዝቡ ራራላቸው፤ ዕጩነታቸውም ጸና። አንዱ ዴሞክራት፣ አንዱ ሪፐብሊካን፤ ሁለቱም የተከለሉት በውሻ ነው። ነገር ግን ኒክሰን በ1974 በዎተርጌት ጉዳይ ከፕሬዚዳንትነት ሲለቁ ያስለቀቃቸው የገዛ ሥራቸው ነው፤ የዚያ ውሻ ትዝታ አላዳናቸውም። ድመትም እንደዚሁ ነው፤ በዴሞክራቱ በቢል ክሊንተን ዘመን ሶክስ፣ በሪፐብሊካኑ በጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ዘመን ደግሞ ኢንዲያ የተባሉ ድመቶች በዋይት ሐውስ ኖረዋል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ መለኪያው ለነቀፋ ማገልገሉ አልቀረም። በ2021 ጄ. ዲ. ቫንስ አገሪቱን የሚመሩት ልጅ የሌላቸው ድመት አሳዳሪ ሴቶች ናቸው የሚል ንግግር በቴሌቪዥን ተናገሩ። በ2024 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት በተወዳደሩ ጊዜ ይኸው ንግግር እንደ ገና ተነሥቶ ብዙ ሴቶችን አስቈጣ። በዚያ ክርክር ውስጥ ድመቲቱ ምንም ጥፋት አልነበረባትም፤ የሰው ክብር ግን ተነክቷል።

ወደ አውሮጳ ብንሻገር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዊንስተን ቸርችል የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች መሪና የቦልሼቪኮች ጽኑ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ድመት አጥብቀው ይወዱ ነበር። በ1962 ለ88ኛው የልደት በዓላቸው ጆክ የተባለ ድመት ተበረከተላቸው፤ ቤተ ሰባቸውም ቻርትዌል በተባለው መኖሪያቸው ይህን የመሰለ ድመት ለዘወትር እንዳይታጣ ስለ ጠየቀ፣ ከሞታቸው በኋላ ልማዱ ሲጠበቅ ኖሯል። የቦልሼቪኮቹ አለቃ ቭላዲሚር ሌኒንም በ1922 ድመት ታቅፈው የተነሡት ፎቶግራፍ ይገኛል። አንዱ የሌላውን መንግሥት ሊያጠፋ የሚመኝ የነበሩት እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ በድመት ነገር ግን ይስማሙ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብድም ምስክር አለ። የናዚ መንግሥት ሥልጣን በያዘበት በ1933 ኖቬምበር ወር እንስሳት እንዳይሠቃዩ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሂትለርም ብሎንዲ የተባለችውን ውሻውን በጣም ይወድ ነበር። ነገር ግን ይኸው መንግሥት በ1942 አይሁዶች ውሻ፣ ድመት ወይም ወፍ በቤታቸው እንዳያሳድሩ ከለከለ። በድሬስደን ከተማ የሚኖሩት አይሁዳዊው የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ቪክቶር ክሌምፐረር፣ ሙሼል የተባለ ድመታቸውን ለሌላ ሰው መስጠት እንኳ ስላልተፈቀደላቸው፣ በሐኪም እጅ እንዲሞት ለማድረግ ተገደዱ፤ ይህንንም በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈው አቈይተውልናል። ሂትለር ራሱ በ1945 መጨረሻው ሲቃረብ የመርዙን ኃይል የፈተነው በዚያችው በሚወዳት ውሻ ላይ ነበር። እንስሳን መውደድ ሰውን ለመውደድ ዋስትና ቢሆን ኖሮ፣ ዓለም ያን ሁሉ መከራ ባላየ ነበር።

አሁን ደግሞ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሥራ ባልደረቦችህ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1929 ጁን 3 ቀን የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስቴር፣ በአገር ግዛት ሚኒስቴር አይጥ ለሚይዘው ድመት ቀለብ በቀን 1 ፔኒ ወጪ እንዲሆን ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በለንደን መሥሪያ ቤቶች ድመት ማሳደር የታወቀ ልማድ ሆነ። ዊልበርፎርስ የተባለው ድመት ከ1973 እስከ 1987 ድረስ ከወግ አጥባቂዎች ሂዝንና ታቸርን፣ ከሌበር ፓርቲ ዊልሰንንና ካላሃንን፣ በጠቅላላው አራት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አገልግሏል። በ2011 ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ የገባው ላሪ የተባለው ድመት ደግሞ፣ ዴቪድ ካሜሮን በ2016 ሲለቁ ከእነርሱ ጋር ይሄድ እንደ ሆነ ተጠይቆ፣ ድመቱ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የካሜሮን ቤተ ሰብ ስላልሆነ በዚያው እንደሚቈይ የመንግሥት መልስ ተሰጠ። በ2024 የሌበር ፓርቲ አሸንፎ ኪር ስታርመር ሲገቡ ላሪ ስድስተኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ተቀበለ። ሹም ይመጣል፣ ሹም ይሄዳል፤ የአይጡ ሥራ ግን አልተስተጓጐለም።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ውሻ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችን እናውቃለን። ባለጉዳዩን በወገኑ፣ ባልደረባውንም በልማዱ እየለየ የሚያስተናግድ ሠራተኛ የሚጮኸው ለበላበት ሳሕን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ እንጀራ ግን ከሕዝብ ሁሉ የተዋጣ ስለ ሆነ፣ አገልግሎቱም ለሁሉ እኩል ሊሆን ይገባዋል። እንግዲህ ነገ ከጠረጴዛህ ፊት ለሚቆመው ሰው፣ ምን እንደሚወድና ከማን ጋር እንደሚውል ከመጠየቅህ በፊት ማመልከቻውን አንብብለት፤ የመጣበትም ጉዳይ በሕጉ መሠረት ይፈጸምለት።