ቤንዚን፣ ውኃና የአጎቴ ቮልስ

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ስለ አሮጌ መኪና ነው። ከለመድነው የፖለቲካ ክርክር የራቀ ይመስላል። ነገር ግን መንግሥትና ዜጋ የሚገናኙት በምርጫ ጣቢያ ብቻ አይደለም፤ በነዳጅ ማደያም ይገናኛሉ።

በ2001 ዓ.ም. ለፋሲካ በዓል ከአጎቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ እንጅባራ ጉዞ ጀመርን። አጎቴ ዕድሜያቸውን በመምህርነት የፈጁ ሰው ናቸው። መኪናቸው ከእኔ የምትበልጥ፣ በንጉሡ ዘመን የገባች ቮልስ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ሰልባቲዮዋን ሞልተን ተነሣን። የዓባይን በረሃ እየተንተፋተፈች ወጣች፤ ቡሬን አልፈን ጥሊሊ ስንደርስ ግን ሞተሯ ጸጥ አለ። እስከ እንጅባራ በገመድ ተጎተትን።

በማግሥቱ ከዳንግላ የመጣው መካኒክ ፊልትሮውን ሲፈታ ቡናማ ዝገት ተዘረገፈ። ቀጥሎ በጠባብ ጠርሙስ ጥቂት ውኃ አደረገ፤ የውኃውን ልክ በምስማር ጭሮ ምልክት አበጀና ቤንዚን ጨምሮበት ነቀነቀው። ሲረጋ ከታች ያለው ውኃ ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎ ታየ። “ጋሼ፣ ይኼ ቤንዚን ብቻውን አይደለም፤ አረቄ አለበት” አላቸው። አጎቴ የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። መካኒኩ ግን እውነቱን ነበር።

ቅልቅሉ በአዲስ አበባ የተጀመረው በዚያው በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የሚጣራው ኢታኖል ሱሉልታ ላይ ከቤንዚን ጋር በመቶ 5 እጅ ይቀላቀል ጀመር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 እጅ አደገ። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ዋጋ ከ147 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ነዳጇን ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ከስኳር ተረፈ ምርት የሚገኝ እያንዳንዱ ሊትር ጥቅም አለው። ውሳኔውን ያን ጊዜም ደግፌዋለሁ፤ ዛሬም አልነቅፈውም።

ሐሳቡም አዲስ አልነበረም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በመውረሯ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢኮኖሚ ማዕቀብ ሲጥልባት ነዳጅ ዘይትን ከዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። ያ ክፍተት ለወራሪው ታንክና አውሮፕላን ምን ያህል እንደጠቀመ ታሪክ ይመሰክራል። ሙሶሊኒ ግን በዚህም አልተዘናጋም፤ ራስን በመቻል መፈክር ሥር አልኮልን ከቤንዚን ጋር የመቀላቀሉን ሥራ ገፋበት። ነዳጅ የሌለው አገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እርሻው መመልከቱ አይቀርም።

ታዲያ ቮልሷን ምን ነካት? ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ዝናብና ጉም በማይለየው እንጅባራ ለወራት የቆመች መኪና ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሰልባቲዮ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ እያላቀቀ ወደ ፊልትሮና ካርቡሬተር ይሰዳል። በዚያ ዘመን የተሠራውን የጎማ ቱቦ ያሳብጣል፣ ያሰነጥቃል። በጥቂቱ ሲቀላቀል ደግሞ ቤንዚኑ በሙቀት ቶሎ እንዲተን ስለሚያደርግ እንደ ዓባይ በረሃ ባለ አቀበት ሞተር ሊያፍን ይችላል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ሰልባቲዮ ማጠብ፣ ፊልትሮ መቀየር፣ ኢታኖል የሚቋቋም ቱቦ መግጠም ነው። አጎቴ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ከመነሣታችን በፊት ያደርጉት ነበር።

ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ቅልቅሉ መጀመሩ በዜና ተነግሯል፤ እኛ በቀዳንበት ማደያ ግን ምልክት አልነበረም፤ የአሮጌ መኪና ባለቤት ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረንም ሰው አልነበረም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1975 የኢታኖል ፕሮግራሟን ስትጀምር ነዳጁን ብቻ አልለወጠችም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በንጹሕ ኢታኖል የሚሄድ ፊያት ለገበያ ቀርቧል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ወደ 10 እጅ ስትሻገር ለአሮጌ መኪኖች ባለ 5 እጁን አስቀርታለች፤ ባለቤቶችም መኪናቸው አዲሱን ነዳጅ መቻል አለመቻሉን የሚያጣሩበት መንገድ ተበጅቶላቸዋል። በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና በአብዛኛው የባለጠጋ ጌጥ ነው፤ በእኛ ግን የቤተሰብ ጥሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ማርጀታቸው የማይቀር ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለፈ ቂም ለመቆስቆስ አይደለም። የጣና በለስ የሸንኮራ አገዳ የሚበቅለው በዚሁ በአዊ ዞን፣ በጃዊ ወረዳ ነው። አገዳ ባለበት ሞላሰስ አለ፤ ሞላሰስ ባለበት ኢታኖል ይታሰባል። አንድ ቀን ከጃዊ የወጣ ኢታኖል በእንጅባራና በዳንግላ ማደያዎች ቢቀዳ ከማንም በፊት የምደሰተው እኔ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማደያው መቅጃ ላይ ቅልቅሉ ስንት እጅ እንደሆነ በአማርኛና በአዊኛ ይጻፍ። ዜጋ ለአገሩ መሥዋዕትነት መክፈልን አይጠላም፤ ሳይነገረው መክፈሉን ግን በጥሊሊ መንገድ ላይ፣ በገመድ ሲጎተት ያውቀዋል።