ልቅሶውን ለልጆች ማስተማር፤ በጥላሁን ገሠሠ ዜማ ወደ አስቀሎና

ባለፈው በጋ ከማኅበራችን ሽማግሌዎችና ወጣቶች ጋር በአውቶቡስ ወደ አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ተጓዝን። በመንገድ ላይ ሾፌሩ የጥላሁን ገሠሠን ትዝታ ሲከፍትልን ጨዋታው ሁሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች፣ «ይህ ዘፋኝ ማን ነው? እናንተስ ለምን ታለቅሳላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ይህች አጭር ጽሑፍ ለጥያቄያቸው መልስ ትሁን። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥላሁን በ1940 በአዲስ አበባ ተወልዶ በወሊሶ አደገ። ከሀገር ፍቅር ቴአትር ወደ ክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ገባና ሬዲዮ በደረሰበት ሁሉ ድምፁ ተሰማ። ስለ ረሃብ ያዜመው «ዋይ ዋይ ሲሉ» ብዙ ሰው አስለቅሷል። በሚያዝያ 2009 በትንሣኤ በዓል ዕለት ዐረፈ። ከቤተ እስራኤል ወገን ባይሆንም የእኛንም ኀዘን ዜማው ተሸክሞልናል።

ፓርኩ እንደ ደረስን በከነዓናውያን በር ፊት ቆምን። ይህ ባለ ቅስት በር ከ3,800 ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ጥንታዊ ቅስቶች አንዱ ነው። ከተማይቱ በመጽሐፍ አስቀሎና የምትባለው ናት። ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በወደቁ ጊዜ፣ ጠላት ደስ እንዳይለው ወሬው በአስቀሎና እንዳይነገር ዳዊት ከለከለ። ያንኑ ልቅሶ ግን የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። በልጅነቴ በቄሱ እግር ሥር ስማር የያዝሁት መከልከሉን ብቻ ነበር።

በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000፣ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ገቡ። በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ግን ወደ 4,000 የሚገመቱ አልቀዋል። መታሰቢያቸው በሄርጽል ተራራ ቆሞ፣ በየዓመቱ ኢያር 28 ቀን ይታሰባሉ። በየቤታችን ግን መናገሩ ሲከብደን ትዝታን እንከፍታለን። ትዝታ ስለ ራቀ ፍቅርና ስላለፈ ዘመን የሚዜም ነው፤ የሙታንን ስም አይጠራም። እኛም ከዜማው ጀርባ ተሸሸግን፤ ልቅሷችንን ከጠላት ሳይሆን ከልጆቻችን ሰወርን።

እኔም ታናሽ እህቴን በሱዳን መጠለያ ቀብሬ መጥቻለሁ፤ ስሟን ለልጆቼ ነግሬ አላውቅም ነበር። ስንመለስ ዜማው እንደ ገና ተከፈተ፤ እኔም ለወጣቶቹ ስሟን ጠራሁላቸው። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተራ በተራ የየራሳቸውን ሙታን ጠሩ።

ውድ አንባብያን፣ ጥላሁንን ለልጆቻችሁ አሰሙ፤ ዜማው ሲያበቃ ግን ዝም አትበሉ።